ስለ መኪና ቀለም አጠባበቅ፤ ፖሊሽና ዋክስ አንድ አይደሉም

በጎንደር ከተማ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥባቸው መደብሮች አንድ ገዢ ቀርቦ «ለመኪናዬ ማብሪያ ስጠኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሻጩ ብዙውን ጊዜ እጁ የደረሰበትን ቆርቆሮ አንሥቶ ይሰጠዋል። በቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ገዢውም ሻጩም በሥዕሉ ይስማማሉ። ሥዕሉ የሚያብረቀርቅ መኪና ነው። ነገር ግን በአንዱ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ቀለሙን የሚሸፍን ሰም ሲሆን፣ በሌላው ውስጥ ያለው ቀለሙን እየፋቀ የሚያነሣ ደቃቅ ዱቄት ያለበት ቅባት ነው። የመጀመሪያው ይጨምራል፤ ሁለተኛው ይቀንሳል። በገበያ ግን ሁለቱም «ፖሊሽ» ተብለው ይሸጣሉ። ከዚህ የስም መደባለቅ የሚመጣው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ፣ ነገሩን ለነጋዴው ማኅበር መግለጽ ተገቢ ይሆናል።

ከመተማ ሰሊጥ እያስመጣ የሚነግድ አንድ የጎንደር ሰው ጥቁር ሰማያዊ ፒክአፕ ነበረው። መኪናውን እንደ ልጅ የሚወድ ስለ ነበር፣ በየወሩ መጨረሻ በሾፌሩ እጅ «ፖሊሽ» ያስደርገው ነበር። ሾፌሩም ሥራው እንዲፋጠንለት ከአንድ ጋራዥ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ማሻ ማሽን እየተዋሰ ይሠራ ነበር። 2 ዓመት ያህል መኪናው ከጓደኞቹ መኪና ሁሉ በልጦ ሲያበራ ኖረ። በ3ኛው ዓመት ግን በኮፈኑ መካከል የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ታየ፤ ቆይቶም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይቀረፍ ጀመር። ነጋዴው ሾፌሩን ጠርቶ «ልጄ፣ ምን አፈሰስህበት?» ብሎ ጠየቀው። «ጋሼ፣ እርስዎ የገዙልኝን ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነካሁም፤ እንዲያውም ደኅና አድርጌ ነው ያሸሁት» አለ። የተናገረው እውነት ነበር። ጥፋቱም ደኅና አድርጎ ማሸቱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ልብስ ብቻ የለበሰ አይደለም። በላሜራው ላይ ዝገት የሚከላከል ቀለም ይቀባል፤ በዚያ ላይ ገጹን የሚያስተካክል ሌላ ቀለም ይደረባል፤ ከዚያም መልኩን የሚሰጠው ቀለም ይመጣል፤ በመጨረሻም በጋራዥ «ክሊር» የሚባለው መልክ የሌለው ግልጽ ቫርኒሽ ይረጭበታል። ይህ ክሊር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ በብዙ መኪኖች ላይ የተለመደ ሆኗል። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ሲሆን፣ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ መኪናውን ከፀሐይ የሚጠብቀው ክሊር የአንድ ጠጉር ውፍረት እንኳ የለውም ማለት ነው። የፀሐይን ጨረር የሚውጠው መድኃኒት የተቀላቀለውም በዚህ ስስ ልብስ ውስጥ ነው። በማሽን በታሸ ቁጥር ከዚህ ልብስ ጥቂት ጥቂት ይነሣል፤ የተነሣውም ተመልሶ አይበቅልም።

በዚህ ረገድ የቀድሞዎቹ መኪኖች ለባለቤታቸው ታማኞች ነበሩ። ክሊር ያልተቀባውን የጥንት መኪና በፖሊሽ ያሸ ሰው፣ የያዘው ነጭ ጨርቅ በቀለሙ ሲነከር ስለሚያይ «ቀለሙን እያነሣሁ ነው» ብሎ እጁን ይሰበስብ ነበር። ክሊር ግን መልክ የለውምና ሲፋቅ በጨርቁ ላይ ምልክት አይተውም። ሰሊጥ ነጋዴውንም ሾፌሩንም ያታለላቸው ይኸው ነው።

ሌላው ነገር አገሩ ራሱ ነው። የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2850 ሜትር ትደርሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራ ቫዮሌት የሚባለው ከዓይን የተሰወረ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። እንግዲህ በጎንደር የቆመ መኪና በባሕር ዳርቻ ከቆመው ይልቅ ወደ 20 በመቶ የሚበልጥ፣ በደባርቅ የቆመውም ከዚያ የሚበልጥ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። ሰው የደጋውን አየር ቅዝቃዜ እያየ ፀሐዩ የለዘበ ይመስለዋል፤ ቀለሙ ግን የሚያረጀው በሙቀት ብቻ አይደለም። ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ በጎንደር አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በነሐሴ አጋማሽ ሁለተኛ ጊዜ ስትመለስ ደመናና ዝናብ ይጋርዳታል፤ በሚያዝያ ግን የሚጋርዳት ጥቂት ነው። በዚህ ላይ መኪናው ሰሊጥ ሊጭን ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ከ40 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ያገኘዋል፤ በሳምንቱ ደግሞ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ወጥቶ በውርጭ ያድራል። ሲሞቅ የሚለጠጥ፣ ሲበርድ የሚኮማተር ላሜራ የሸፈነውን ቀለም አብሮ ያንገላታዋል። አቧራው፣ የባሕር ዛፉ ሙጫ፣ በዋርካ ጥላ ሥር የቆመ መኪና ላይ የሚወርደው የወፍ ኩስ ሁሉ ተጨማሪ ነው። የወፍ ኩስ በፀሐይ በጋለ ኮፈን ላይ ከአንድ ቀን በላይ ከዋለ፣ ቢታጠብ እንኳ ጠባሳው ብዙ ጊዜ አይለቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ብዙ መኪና በየግቢው ለሳምንታት ሳይታጠብ መቆሙም ይህንን ጉዳት አብሶታል።

ይህ ሁሉ ለመኪና ውበት ብቻ የሚደረግ ጭንቀት የሚመስለው ሰው ቢኖር የገበያውን ሁኔታ ይመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለ መኪና ለብዙው ነጋዴ ከቤቱ ቀጥሎ ትልቁ ሀብቱ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም አስቀድሞ የሚመረምረው ቀለሙን ነው፤ በፀሐይ አቁሞ በጎን ያየዋል፤ በጣቱም መታ መታ ያደርገዋል። ቀለሙ ከፋብሪካ የወጣበት ከሆነ ዋጋው ይቆማል። እንደገና የተቀባ ከሆነ ግን «የተገለበጠ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ባለቤቱ ቢምልለትም አያምነውም።

ታዲያ ቀለሙን የሚጠብቀው ምንድር ነው? በገበያ ያለው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዋክስ ነው፤ ይኸውም ከብራዚል ሰሜን ምሥራቅ አውራጃ ከሚገኝ ካርናውባ ከሚባል ዘንባባ ቅጠል ተራግፎ የሚወሰድ ሰም ሲሆን፣ ከሌሎች ሰሞችና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ በቆርቆሮ ይመጣል። ካርናውባ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ካልሞቀ አይቀልጥም። አሜሪካዊው የሰም ፋብሪካ ባለቤት ኸርበርት ጆንሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ይህን ዘንባባ በአገሩ ለማየት በአውሮፕላን እስከ ብራዚል መጓዙ፣ ነገሩ በንግድ ዓለም ምን ያህል እንደ ተፈለገ ያስረዳል። መልኩ ጥልቅና ሞቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከ1 እስከ 3 ወር ሳይቆይ ታጥቦ ያልቃል። ሁለተኛው ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ቅባት ነው። መልኩ እንደ ዋክስ አይሞቅም፤ ነገር ግን ከቀለሙ ጋር ስለሚጣበቅ ከ4 እስከ 6 ወር ያገለግላል። ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ሲሆን፣ ሲደርቅ ጠንክሮ ከ1 ዓመት በላይ ይቆያል። ዋጋው ውድ ነው፤ ቀቢውም የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ከሥሩ የተሰወረ ጭረት ካለም ጭረቱን ይዞ ይጠነክራልና በቸልታ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ለጎንደርና ለአካባቢው ነጋዴ የሚስማማው ሲላንት ነው። ሁለት ጊዜ፣ ማለት አንዴ በሰኔ መግቢያ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ሁለተኛም በጥቅምት ከክረምቱ ጭቃ ታጥቦ ሲወጣ ቢቀባ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት መኪናውን ማሳመር የሚወድ ሰው በሲላንቱ ላይ ዋክስ ቢደርብ ነውር የለበትም፤ ዋክስን አስቀድሞ ሲላንቱን መደረብ ግን ገንዘብን ማባከን ነው፤ ሲላንቱ የሚጣበቅበትን ቀለም ሰሙ ይከለክለዋልና። የሴራሚክ ሻጮች «ከድንጋይም ያድነዋል» የሚሉት ከእውነት የራቀ ነው፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ከፊት መኪና ጎማ የሚፈናጠር ጠጠር ሴራሚኩንም ክሊሩንም ይጥሳል። ደግሞም ዋክስም ሆነ ሲላንት ለፀሐይ ጃንጥላ አይሆኑም። ዋና ሥራቸው ውሃው፣ አቧራውና ኩሱ ከቀለሙ ጋር እንዳይያያዝ፣ ሲታጠብም ሳይፈተግ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ከፀሐይ የሚያድነው ያው ክሊሩ ነው፤ ስለዚህም ነው መፋቅ የማይገባው።

በዚህ ቦታ ላይ የሚነሣ አንድ የአገር ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ናት፤ በሰምም በዓለም ከሚጠቀሱት አገሮች ተርታ ትገኛለች። ጎንደር ደግሞ ከሰም ጋር የቆየ ዝምድና አላት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ከዚህ ከተማ በመተማና በምጽዋ በኩል ከሚወጡት ሸቀጦች መካከል ከቡና፣ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰም ይገኝበት ነበር። ዛሬም በየጠጅ ቤቱ ሰፈፉ ተለቅሞ፣ ተነጥሮ ለጧፍ ይሸጣል። «ታዲያ ከብራዚል ሰም ለምን እንገዛለን? የራሳችንን ለምን አንቀባም?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አንዳንድ ሾፌሮችም የጧፍ ሰም በነጭ ጋዝ አሟሙተው መኪና ይቀባሉ። መጀመሪያ ሲታይ ያምራል። ነገር ግን የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ በመተማ ፀሐይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ደግሞ 70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሰሙ በዚያ ጊዜ ይለሰልስና የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይይዛል፤ ማታ ሲበርድም ከነአቧራው ይደርቃል። በማግስቱ ያን ለማስለቀቅ የሚታሸው መታሸት ከፖሊሽ የማይሻል ጉዳት ያደርሳል። የንብ ሰም ለብቻው የመኪና ልብስ ለመሆን አይችልም። ከካርናውባ ጋር በልክ ሲቀላቀል ግን ጥሩ ዋክስ እንዲወጣው፣ በብዙ የውጭ ቆርቆሮዎች ውስጥም የንብ ሰም መኖሩ የታወቀ ነው። ሰሙን በጥሬው ልኮ በቆርቆሮ ታሽጎ ሲመለስ በዶላር መግዛት ለነጋዴ የሚያስደስት ሂሳብ አይደለም። የኬሚስትሪ ትምህርት ያለው ሰውና ጥቂት ካፒታል ያለው ነጋዴ ተገናኝተው ቢሞክሩት የማይሆን ሥራ አይመስልም።

ስለ አቀባቡ ጥቂት መናገር ይበቃል። የዋለ አቧራ በደረቅ ጨርቅ አይጠረግም፤ አቧራው ድንጋይ ነውና ቀለሙን ይጭራል። አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይለቀቃል፤ በጎንደር ውሃ በወረፋ የሚገኝ መሆኑ ባይካድም፣ 2 ባልዲ ይበቃል፤ በአንዱ ሳሙና፣ በሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ። ከቀሃ ወይም ከአንገረብ የተቀዳ ውሃ ከሆነ ደለሉ እስኪሰክን መጠበቅ ያስፈልጋል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅባት ለመንቀል የተሠራ ስለ ሆነ፣ በ1 ቀን የተቀባውን ዋክስ በ1 አጠባ ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። ከታጠበ በኋላ ላሜራውን በናፍታ የተነከረ ጨርቅ የሚወለውሉ አጣቢዎች አሉ፤ ይህ ለ1 ሰዓት ያበራል፤ ከዚያም አቧራ ይጠራል፤ ጎማውንና ላስቲኩንም ያበላሻል። ታጥቦ የደረቀው መኪና ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ እጅን በፌስታል ውስጥ አግብቶ በኮፈኑ ላይ ማንሸራተት ነው፤ ባዶ እጅ ያልተሰማው ሻካራ ነገር በፌስታሉ በኩል ይሰማል። ሻካራ ከሆነ ክሌይ በሚባለው ሊጥ መሰል ነገር፣ በሳሙና ውሃ እያራሱ፣ ሳይጫኑ ማንሣት ይገባል። ከዚያ በጥላ፣ ላሜራው ለእጅ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ ሲላንቱን በስፖንጅ እጅግ ስስ አድርጎ ክፍል በክፍል መቀባት፣ ጭጋግ መስሎ ሲደርቅም በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ማንሣት ነው። አብዝቶ መቀባት ጥቅም የለውም፤ ትርፉ በጨርቁ ላይ ይቀራል። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከነካ ነጭ እድፍ ይተዋል። ከተቀባ በኋላ እስከ ማግስቱ ውሃ ባይነካው መልካም ነው፤ ስለዚህ በክረምት ቤት የሌለው ሰው ሲላንት አይቀባ። የቀረ መሆን አለመሆኑን ዝናቡ ራሱ ይናገራል፤ ውሃው እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ከወረደ አለ፤ እንደ ጨርቅ ተኝቶ ከቀረ አልቋል።

ዋናው ጉዳይ ግን የሻጩ ነው። «ገዢው የሚፈልገው ብርሃን ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ ብነግረው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ነገሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ የሚፍቀውን ፖሊሽ የቀባ ገዢ በዚያው ቀን ብርሃኑን ያያል፤ ሲላንት የቀባ ግን ጥቅሙን የሚያየው በዓመቱ ነው። ነገር ግን ሰሊጥ ነጋዴው ኮፈኑ በተላጠ ጊዜ የረገመው የቆርቆሮውን ፋብሪካ አልነበረም፤ ስሙንም ማንበብ አይችልም። የረገመው የሸጠለትን ሱቅ ነው፤ ከዚያ ሱቅ ዘይትም ፍሬንም መግዛት ትቷል።

ስለዚህ ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት መደርደሪያ ተለይተው ይቀመጡ፤ በአንዱ ላይ «መፋቂያ»፣ በሌላው ላይ «መሸፈኛ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ። በቆርቆሮው ላይ «ከምፓውንድ» ወይም «ራቢንግ» ወይም «ከት» የሚል ቃል ያለበት መፋቂያ ነው። «ክሊነር ዋክስ» የሚለው ሁለቱን አቀላቅሎ የያዘ ስለ ሆነ፣ ከመፋቂያው መደርደሪያ ቢቀመጥ ይሻላል። ቃሉን ያላወቀ ሻጭ በአሮጌ ሲዲ ጀርባ ላይ ጠብታ አድርጎ በጨርቅ ቢያሸው፣ መፋቂያ ከሆነ መስታወቱ ይደበዝዛል፤ ይህን ለማድረግ የባዕድ ቋንቋ አያስፈልግም። አስመጪዎችም ከዕቃው ጋር አንዲት የአማርኛ ወረቀት አሳትመው ቢልኩ ወጪው ከሳንቲም አያልፍም፤ የንግድ ምክር ቤቱም ለአባሎቹ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቢያድል ከሥልጣኑ የሚወጣ ሥራ አይሆንም። መፋቂያን ፈጽሞ አይሸጥ የሚል ግን የለም፤ ለተጫረና ለደበዘዘ መኪና፣ በሚያውቅ እጅ፣ በዓመታት አንዴ የሚያስፈልግ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ቤትም መርዝ ይሸጣል፤ ነገር ግን ከሽሮፕ ጋር አያስቀምጠውም።

የሰሊጥ ነጋዴው ኮፈንና ጣራ በግንቦት ወር በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና ተቀባ። ቀቢው በመጀመሪያ የጠየቀው «ከዚህ በፊት ምን ነበር የምትቀቡት?» የሚል ነበር፤ ሲሊኮን ያለበት ቅባት በላሜራው ላይ ጥቂት እንኳ ከቀረ፣ አዲሱ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እያለ ይከፈታልና። ሥራውን ሲያስረክብም ቀለሙ ውስጡ እስኪደርቅ 2 ወር ያህል ምንም እንዳይቀባ አዘዘ። ሁለቱ ወር በሐምሌ ዝናብ መካከል ስላለቀ፣ ሾፌሩ እስከ ጥቅምት ጠበቀ። በጥቅምት ወደ ሌላ ሱቅ ሄዶ በመጀመሪያ የጠየቀው አሮጌ ሲዲ እንዳላቸው ነበር።